ክፈቺ ያለው ማን ነው?

ቤት ውስጥ ሁሉም ቁንጢ ነው የሚሏት፤ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ የሚባል ነገር አታውቅማ። የዚያን ቀን ግን ጣሪያ ላይ፣ እጇ የአባቷ ካሜራ ሌንስ አፍ ላይ፣ ድርቅ ብላ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ፎቶ አንሺ ነው። ምድር ቤቱ ፎቶ ቤት፣ ላዩ መኖሪያቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰፊ የኮንክሪት ጣሪያ አለ። ቁንጢ ሳትወለድ በፊት አባቷ የፀሐይ ግርዶሽ ሊያነሳ ሌላ አገር ድረስ ሄዶ ነበር። ፀሐይዋ ከጨረቃ ጀርባ መልሳ ብቅ ስትል ለአንዲት ሰከንድ የአልማዝ ቀለበት ትመስላለች፤ እሷን ቀለበት አገኛለሁ ብሎ ትንሽ ሲቆይ ፀሐይ ቀኝ ዓይኑን በላችው። ቀለበቷንም አላገኛት፣ ዓይኑም ሄደ። አሁን ደግሞ ግርዶሹ በራሱ እግር ጣሪያቸው ድረስ ሊመጣ ነው፣ ለሁለት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ፣ እና አባቷ በቀረችው በግራ ዓይኑ ሊያነሳው ነው። በአንዲቷ፣ መለዋወጫ በሌላት!

ለምን ሳታይ ዝም ብለህ ቁልፉን አትጫነውም ብላው ነበር። ዓይኔ ካላየው ምኑን አነሳሁት አላት። በቃ፣ ከእሱ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር ነው።

ታላቅ እህቱ፣ የቁንጢ አክስት፣ ይሄን ስትሰማ እሳት ነው የጎረሰችው። ካሜራውን ከፎቅ ካልወረወርኩት ብላ ምላለች። ስለዚህ ጠዋት ገበያ እስክትወጣ ጠብቀው ዕቃቸውን ተሸክመው ወጡና የጣሪያውን የብረት በር በእነሱ በኩል ቀረቀሩት።

የቁንጢ ሥራ ቀላል ነው። ሌንሱ ላይ የፀሐይዋን ጉልበት የሚሰብር ጥቁር ክብ ማጣሪያ አለ። ጨረቃ ፀሐይዋን ሙሉ በሙሉ ስትሸፍናት አባቷ «ክፈቺ» ይላል፣ ታነሳዋለች። ቀለበቷን እንዳነሳ «ዝጊ» ይላል፣ ትመልሰዋለች። ፎቶ ቤቱ ውስጥም መብራት አብሪ ለማለት ክፈቺ፣ አጥፊ ለማለት ዝጊ ነው የሚላት፤ እጇ ከጭንቅላቷ ቀድሞ ነው የሚሰማው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያለማምዳት ከርሞ አንድ ቀን ቁርስ ላይ ድንገት «ክፈቺ» ቢላት የስኳሩን ጣሳ ክዳን ብድግ አድርጋ ቁጭ። አባቷ በሳቅ ሊሞት።

አንድ ነገር ግን ማንም ልብ አላለም። አባቷና አክስቷ ድምፃቸው አንድ ነው። ያው ጎርናና ድምፅ፤ ስልክ የሚደውል ሰው ሁሉ አክስቷን ጌታዬ እያለ ነው የሚያወራት።

ብርሃኑ መሳሳት ጀመረ። እንደ ምሽት እንዳይመስላችሁ፣ የሆነ ሰው የዓለምን አምፖል ቀስ እያለ የሚያዳክመው ነው የሚመስለው። የልብስ ማስጫው ገመድ ጥላ ኮንክሪቱ ላይ እንደ ምላጭ ሰላ። ታች መንገዱ ላይ መብራቶቹ በራሳቸው በሩ። ውሾቹ ጸጥ። አባቷ ግራ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ ግማሽ ደቂቃ ቀርቷል አላት።

የብረቱ በር ተናጋ።

«ክፈቺ!»

እጇ ታዘዘ። ማጣሪያው ከሌንሱ ላይ ተነሳ።

ወዲያው የእጇን ጥላ ኮንክሪቱ ላይ አየችው። ጥላ ካለ ፀሐይ አለች። ክው አለች። ባዶውን መዳፏን ሌንሱ ላይ ስትለጥፍ ማጣሪያው ከሌላኛው እጇ አመለጠ፣ ተንከባለለ፣ ከጣሪያው ጫፍ ዘለለና ታች የሆነ ቦታ ሲሰበር ተሰማ።

«አባዬ፣ አየህ? አየህ ወይ?»

«ምኑን?»

ለካ በዚያች ቅጽበት የእጅ ሰዓቱን ለማየት ቀና ብሎ ነበር። ዕድል ማለት ይቺ ናት።

ክፈቺ ያለችው አክስቷ ናት፤ ከገበያ ተመልሳ ከበሩ ጀርባ፣ አንቺ ልጅ፣ ዓይኑን ልታስበዪው ነው ወይ እያለች ብረቱን ትደበድባለች። ቁንጢ ማጣሪያው የለም፣ እንተወው ብላ አባቷን ለመነችው። እሱ ግን ዓይኑን መልሶ ተክሏል። መዳፍሽ አለ አይደል ወይ አላት። አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ዝጊ እላለሁ ብሎም ማለላት።

ጨለመ። ሰማዩ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ተከፈተና ዙሪያውን ነጭ ፀጉር በተነ።

«ክፈቺ።»

ይሄኛው ከፊቷ ነው። መዳፏን አነሳች።

ኧረ እንዴት እንደሚያምር! ግን አንዴ ብቻ ቀና ብላ አየችውና ዓይኗን አባቷ ላይ መለሰች፤ እየቆጠረች ነው። መቶ። መቶ ሃያ። መቶ ሃያ አምስት። ከጥቁሩ ክብ ጠርዝ የብርሃን ጠብታ ወጣች። ቀለበቷ መጣች። አባቷ ቁልፉን አልተጫነም። ዝጊም አላለም። ትንሽ ትፍካ ብሎ እየጠበቀ ነው፣ ያው ቀኝ ዓይኑን ያስበላው የድሮ ስስቱ።

የቁንጢ እጅ ትእዛዝ ጠበቀ። ትእዛዝ የለም።

ሳትታዘዝ ዘጋችው። መዳፏ ሌንሱን ሊነካ ሲል ካሜራው ቀጭ አለ።

«ዝጊ አላልኩሽም» አለ አባቷ።

«አላልክም» አለች። መዳፏን ግን አላነሳችም።

አባቷ ተነስቶ በሩን ከፈተ። አክስቷ እየሮጠች ገባች። የወንድሟን አገጭ ይዛ ጣቶቿን ከግራ ዓይኑ ፊት ቀሰረች።

«ስንት ነው?»

አባቷ ግራ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ።

«ሦስት ነው፣ እትዬ። ጥፍርሽን ደግሞ ተቆረጪው።»

አክስቷ እዚያው ኮንክሪቱ ላይ ዘጭ አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ቁርስ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ በተገናኙ ቁጥር ጣት ስትቀስርበት፣ እሱም ስንት እንደሆነ ሲነግራት ከረመ። ለቁንጢ ግን አንዲት ቃል የለም። ኩርፊያ ብትሉ ኩርፊያ።

በሦስተኛው ቀን ፊልሙን ይዞ ፎቶ ማጠቢያው ጨለማ ክፍል ገባ። ማብሪያው ከበሩ ውጭ ነው፤ ቁንጢ እዚያ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ብዙ ቆይቶ ጎርናናው ድምፅ መጣ።

«ክፈቺ።»

ጣቷ ወደ ማብሪያው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«ማን ነው? ምኑን?»

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ፣ ያቺ የስኳር ጣሳዋ ሳቅ።

«አባትሽ ነኝ። መብራቱን።»

አበራችና ገባች። ፎቶው ከነውሃው ገመድ ላይ ተሰቅሏል። ጥቁር ክብ፣ ቀጭን ቀለበት፣ ጫፏ ላይ የብርሃን ጠብታ፤ ከጎን ደግሞ የሆነ ድብዝዝ ጥላ ግማሹን ውጦታል። እጇን ዐወቀችው።

«አበላሸሁት አይደል?»

አባቷ ፎቶውን አውርዶ ወደ ግራ ዓይኑ አስጠጋና ረጅም ጊዜ አየው።

«ቀለበቷ ትታየኛለች» አለ።