ያልተሰረዘው ስም

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ላይ ቢሮ የሚባለው የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ኮምፒዩተሩም ከየረጂው የተለቀመ። አንዱ አፕል፣ ሌላው ዊንዶውስ፣ እርስ በርሳቸው የማይግባቡ።

ያግባባቸው አብዱልረሂም ነው። ሽቦ ዘርግቶ አገናኛቸው፤ ያለችውን አንድ ማተሚያ የሁሉም አደረጋት። ለየኮምፒዩተሩ የባለቤቱን ስም ሰጠው። ሰው በወረቀት እንዳይጣላ፣ ማተሚያዋ ከሥራው በፊት የላኪውን ስም አትማ ታወጣለች። ሥርዓትም አበጀ። የጋራው ፋይል በእሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጣል፤ ጉዳዩን የጨረሰ ሰው «ያለቀ» ወደሚለው ፎልደር ያዛውረዋል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቅም።

በክረምቱ ያንኑ ኮምፒዩተር ጭኖ፣ ለወረዳው ሥራ ሊያሳይ ወደ ቶንጎ ወረደ። መኪናዋን ወንዝ ወሰዳት። የሹፌሩ ሬሳ ተገኘ። የአብዱልረሂምና የኮምፒዩተሩ ግን ደብዛቸው ጠፋ።

እህቱ ሳሊማ የዚያው ቢሮ ጸሐፊ ናት። እናታቸው ብኸይታ ሰደቃ ይውጣለት፣ ቁርኣን ይቀራለት ብትል፣ «ሬሳውን ሳላይ ወንድሜን አልቀብርም» ብላ እንቢ አለች። እናትም ያለ እሷ እሺታ አልደፈረችም። እህል አልወርድ ብሏት፣ ዐይኗን በር ላይ ተክላ ዋለች።

ኃላፊው አቶ ቃናኒ አንድ ቀን መጣና፣ «ሳሊማ፣ የወንድምሽ ስም አሁንም ኔትወርኩ ላይ ይታያል። ሰርዢው እንጂ» አላት።

«ነገ» አለች። ነገም ሲደርስ «ነገ» አለች። ስሙን መሰረዝ አፈር ማልበስ መሰላት።

በዚያው ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳያዛት ማተሚያዋ ተነሣች። አንድ ወረቀት አወጣች። «አብዱልረሂም» ይላል። ተከታዩ ባዶ ነው።

«ይሄ ሰውዬ እዚያም ሆኖ ቀለማችንን ይጨርሳል?» አለ የወለጋው ጃለታ፣ አጠገቧ የሚሠራው። ብቻውን ሳቀና አፈረ። «ይቅር በይኝ፤ ላስቅሽ ብዬ ነው።»

«አንተ ነህ የላክኸው?»

«በፈጠረኝ አምላክ! ማሽኔን መች ከፈትኩት?»

ስክሪኑን አየችው። እውነትም ጨለማ ነው።

በማግስቱም ያው ስም፣ ያው ባዶ ወረቀት ወጣ። ይሄኔ ሳሊማ ኮምፒዩተሯ ላይ የወንድሟን ስም ነካችው። ወንዝ የበላው ማሽን መከፈት አልነበረበትም። ተከፈተ። ፋይሎቹ እሱ እንደተዋቸው ተደርድረዋል።

«ጃለታ፣ ና እይ።»

መጥቶ አየ። ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

ሳሊማ መጻፍ ጀመረች። «አብዱልረሂም፣ እማዬ ሰደቃህን ላውጣ አለች። የከለከልኳት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ?» ከጋራው ፋይል መሃል አስቀመጠችው።

«ለማን ነው የምትጽፊው?»

«ለባለቤቱ።»

«ለዚህስ ጸሎት ይሻላል፣ እህቴ።»

«ጸለይኩ። እሱን መጠየቅ ነው የቀረኝ።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች። እያዩት ፋይሉ ከቦታው ጠፋ። ጃለታ ጠመንጃ እንደተደገነበት ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ።

«አልነካሁም! እጄን አይተሻል፣ አልነካሁም!»

ሳሊማ «ያለቀ» የሚለውን ከፈተች። ጥያቄዋ እዚያ ነበር።

አላለቀሰችም። ከዚያ ስሙን ልትሰርዝ ዝርዝሩን አወጣች። ሳሊማ አለ። ጃለታ አለ። ቃናኒ አለ። የእሱ የለም። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

ቀዩን ጭቃ እየረገጠች ቤቷ ደረሰች። እናቷ በሩ ላይ ነበረች።

«እማዬ፣ ሼኹን አስጠሪ።»

ብኸይታ የልጇን ፊት አየች። ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አነሣች።