እፍ ያለ ሴት ነው

የኔ ጌታ፣ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ተክሉ፣ ሻይ አይጠጣም፤ እሳት ነው የሚጠጣው። ነገሌ ካምፕ ከገባን ጀምሮ ሕጉ ይሄ ነው፦ ከምድጃ የወረደውን ሳይነፋ የጨለጠ ወንድ፣ እፍ ያለ ሴት። ማን እንዳወጣው እንጃ! ጠላት እንኳ እንዲህ አላቃጠላቸውም።

በረድ ካለ ደግሞ ይመልስብኛል። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ብርጭቆ ፉት ብዬ ቀምሼ ነው የማቀርብለት። ምላሴን ካቃጠለኝ ደርሷል ማለት ነው። አቤት ሚስት!

ዘንድሮ ሁለት ጓደኞቹ በጉሮሮ ካንሰር ሞቱ፤ ሁለቱም እፍ የማይሉ ጀግኖች። ፈራሁ። ተክሉን አጥቼ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ? እህል ደረቴ ላይ እየቆመ በውሃ እየገፋሁ መዋጥ ጀመርኩ። ጭንቀት ነው አልኩ። የሱ ጭንቀት።

ዶክተር ረሆቦት የምትባል ሐኪም የጉሮሮ ካሜራ ይዛ ከአዲስ አበባ ለሦስት ቀን መጣች ሲባል፣ እየጎተትኩ ወሰድኩት። ስንት ጦርነት የዋለ ሰው ቀጭን ገመድ ሲያይ ላብ አጠመቀው።

ሐኪሟ ካሜራውን በአፉ አስገብታ ስክሪኑን አሳየችኝ። መብራቱን ወደ ሰማያዊ ስትቀይረው፣ ገና ካንሰር ያልሆነ፣ ለመሆን ግን የሚያስብ ቦታ ቡናማ ሆኖ ይለያል አለችኝ። የተክሉ ጉሮሮ ንጹሕ! የሕፃን ጉሮሮ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። "ይሄን ሁሉ እሳት ጠጥቶ? እኔ ለሱ ስቀምስ የኖርኩት፣ በሱ ጭንቀት እህል በውሃ እየገፋሁ ነው የምውጠው!"

ፈገግታዋ ጠፋ። "እማማ፣ ዛሬ ምግብ ቀምሰዋል?"

"ከትናንት ጀምሮ ምን ወረደልኝና!"

"እንግዲያው እርስዎም ይተኙ።"

ቡናማው የኔ ጉሮሮ ውስጥ ነበር። ናሙና ወሰደች። ውጤቱ እንደጠረጠረችው ከሆነ ቦታው አዲስ አበባ በዚሁ ዓይነት ካሜራ ተልጦ እንደሚወጣ ነገረችን። "በጊዜ ነው የደረስነው" አለች።

በማግስቱ ሻዩን ራሱ አፈላ። ደጃፍ ላይ፣ ጎረቤታችን ሞሉና የካምፑ ጀግኖች ሁሉ እያዩት፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እፍ አለ። ደግሞ እፍ። ለዚህች ቀን ያስቀመጥኩት ስድብ ብዙ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ።

"እንኪ ጠጪ" አለኝ። "በርዷል፤ ቀምሼዋለሁ።"