ባዶ እጁን የገባ መምህር

መምህር አስማረ በወገዳ ከተማ ሳይንስ ማስተማር ከጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው። ከከተማዋ ባለሱቆች፣ ከፖሊሶቹ፣ ከጤና ጣቢያው ነርሶች ስንቶቹ በእጁ አልፈዋል። ክፍል ሲገባ የሚይዘው ጠመኔ ብቻ ነው። «ትናንት የት ላይ አቆምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱ ተማሪ ይነግረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ንግግሩን የሚያቆመው ደወሉ ነው። ስለ ሳንባ ጀምሮ ወደ ጉና ተራራ ብርድ ይሻገራል፣ ከጉና ብርድ ወደ ወታደሩ አጎቱ። ልጆቹ ይስቃሉ። የትምህርት ዕቅድ አምጣ ሲባል የዓምናውን ቀኑን ቀይሮ ይሰጣል። አንደበተ ርቱዕ ነው ሲሉት ይወዳል፤ እውነትም ነው።

ሲሀም የጨርቅ ነጋዴው የአዩብ ልጅ ናት። ፊደል ከቆጠረችበት ትምህርት ቤት ወጥታ፣ ኮሌጅ ጨርሳ፣ ሌላ ወረዳ ጥቂት አስተምራ ስትመለስ የተመደበችው በዚያው ትምህርት ቤት፣ በሳይንስ ነው። ርዕሰ መምህሩ እንድርያስ ስምንተኛ ክፍልን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ምድብ ለአስማረ፣ ሌላውን ለእሷ ሰጠ። መምህር የገዛ ልጁን ባያስተምር ይሻላል ተብሎ የአስማረ ልጅ ሀና ለሲሀም ደረሰች።

መጀመሪያ ላይ አስማረ ደስ ብሎት ነበር። «ያስተማርኳት ልጅ ናት» እያለ ለመምህራኑ ሁሉ አስተዋወቃት። ደስታው የቆየው ሀና አንድ ቀን ራት ላይ አፏን እስክትከፍት ነው።

«ዛሬ የበግ ልብ አየን። ቲቸር ሲሀም ለሁለት ሰንጥቃ አምጥታ፣ እያንዳንዳችን በጣታችን ነካን።»

እናቷ ውብነሽ ቀና አለች። «ከየት አመጣችው?»

«ከእኛው ሥጋ ቤት። የክርስቲያን ልጆች አልነካም እንዳይሉ ብላ ሰው ልካ ነው ያስገዛችው።»

«ይህን ማሰቧ ደግ ነው» አለች ውብነሽ።

አስማረ ጉርሻውን ዋጠና፣ «ልብ አራት ክፍል እንዳለው እኔስ ነግሬሽ የለም?» አለ።

«ነግረኸኛል አባዬ። ግን ያወቅሁት ዛሬ ነው።»

ልጅቷ ክፉ አስባ የተናገረችው አልነበረም። እሱ ግን የዚያን ቀን ምግቡ አልጣመውም።

ከዚያ በኋላ ዓይኑ ሲሀምን መከታተል ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስትመጣ ምን ይዛ ይሆን እያለ አንገቱን ያሰግጋል። በክፍሏ መስኮት በኩል ሲያልፍ የልጆቹ እጅ እንደ ገብስ ማሳ ቆሞ ያያል። የእሱ ምድብ ልጆች በዕረፍት ሰዓት የእሷን ተማሪዎች ከበው ምን እንዳዩ ይጠይቃሉ። አንዱማ ደፍሮ፣ «ቲቸር፣ እኛስ ልብ የምናየው መቼ ነው?» አለው። «የራስህን አዳምጥ» ብሎ መለሰለት። ጥቂቶች ሳቁ፤ እንደ ድሮው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ እሷ ወረቀት እያረመች ሳለ፣ «ዕውቀት ያነሰው ዕቃ ያበዛል» አለ ለሁሉም እንዲሰማ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ሲሀም ቀና አላለችም፤ እርማቷን ቀጠለች። ብትመልስለት ይሻለው ነበር።

አንዱ መምህር የሌላውን ክፍል ገብቶ ማየት የተለመደ ነው። አስማረ ተራው ሲደርስ የሲሀምን መረጠ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስሕተት ጠበቀ። ትምህርቱ ስለ ጥራጥሬ ነበር፤ አተሩን፣ ሽምብራውን፣ ጓያውን በየሳህኑ ለይታ አስቀምጣለች። ስሕተት አጣባት። ሊያልቅ ሲል እጁን አወጣ።

«ጓያ የሰውን እግር የሚያሽመደምደው ምን ይዞ ነው?»

ሲሀም አሰበች። «ይህን አላውቀውም፣ ጋሼ። አጣርቼ ነገ እነግራቸዋለሁ።»

አስማረ ከክፍሉ ሲወጣ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ለእንድርያስም፣ ለሌሎቹም «ጓያ ላይ ቆመች» ብሎ አወራ። በማግስቱ ሀና የመጣችው እየተፍለቀለቀች ነው። ዘሩ ውስጥ ያለው መርዝ ምን እንደሚባል፣ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት እንደሚቀንሰው ለእናቷ ዘርዝራ ነገረች። «ቲቸር ሲሀም፣ ጥያቄውን የጠየቁልንን ጋሽ አስማረን እናመስግን ብላ አስጨበጨበችልህ» አለችው። ጭብጨባው ከስድብ በላይ አንገበገበው።

ብዙም ሳይቆይ የሲሀም አባት ታመመና ወደ ደብረ ታቦር ይዛው ሄደች። እንድርያስ አስማረን ቢሮው ጠራው።

«እስክትመለስ ክፍሏን ያዝልን። ዕቅዷን ትታልሃለች፤ ይኸው።»

«ስምንተኛ ክፍል ለማስተማር የእሷ ዕቅድ ያስፈልገኛል?»

«እንደፈለግክ» አለ እንድርያስና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ተወው።

አስማረ በደስታ ነበር የሄደው። ልጆቹ መምህር ማለት ማን እንደሆነ ያያሉ፤ ሀናም ታያለች። በሩን ከፍቶ ሲገባ ግን በየጠረጴዛው ላይ ከወገቡ የተቆረጠ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ ተደርድሮ አገኘ። በያንዳንዱ ውስጥ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ ባቄላ አለ። አንዳንዱ በቅሏል፣ አንዳንዱ እንደደረቀ ነው፣ አንዳንዱ ሸትቷል። ልጆቹ ደብተራቸውን ገልጠው ይጠብቁታል።

«ዛሬ ምን ነበር የምንማረው?» አለ።

«የበቀለውንና ያልበቀለውን አወዳድረን ምክንያቱን ልንጽፍ ነው።»

«ጥሩ። አወዳድሩ።»

ደስታ የምትባል ልጅ ላስቲኳን አነሳች። «ቲቸር፣ የእኛ ለምን አልበቀለም?»

«ውሃ አላጠጣችሁትም።»

«አጠጥተናል። የእኛ ቡድን ከልክ በላይ እንዲያጠጣ ነው የተነገረን።»

«እንግዲያው ዘሩን ነቀዝ በልቶት ነው።»

«ዘሩ ከአንድ ቁና ነው የተሰጠን» አለ ሌላው ልጅ፣ በትሕትና።

የትኛው ቡድን ምን እንደታዘዘ አስማረ አያውቅም። ወሬውን ወደ ጉና፣ ከጉና ወደ አጎቱ መለሰው። ከሌላው ጊዜ አሳምሮ ነገራቸው። ማንም አልሳቀም። ደብተሮቹ እንደተገለጡ ናቸው፤ ምን እንደሚጻፍ ይጠብቃሉ። ወደ ሀና አየ። አንገቷን ደፍታ ላስቲኳን በጣቷ ታዞራለች። ወሬውም አለቀ፣ ደወሉ ግን ገና ነው። «ዝም ብላችሁ አንብቡ» ብሎ ስልኩን ማየት ጀመረ። ሲሀም ደብረ ታቦር ናት፤ ክፍሉ ግን እሷ በሌለችበትም የእሷ ነበር።

ቤት ውስጥ ሀና አታናግረውም። ዝምታዋ ሲበዛበት፣ «ምን ሆነሽ ነው?» አለ።

«ምንም።»

«ተናገሪ።»

«ልጆቹ አባትሽ አያውቅም እንዴ አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ያውቃል አልኳቸው። አልተዘጋጀም እንጂ።»

አስማረን ልጁ ልትሟገትለት ሞክራ የተናገረችው ነው የወጋው።

በማግስቱ እንድርያስ ቢሮውን ሲከፍት አስማረ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወረቀቱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንስቶ አነበበው። አንዱ ቡድን ዘሩን በደረቁ፣ ሌላው በልኩ አርጥቦ፣ ሌላው ውሃ አጥለቅልቆ እንዲይዝ ታዟል፤ የተጥለቀለቀው አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ይህን እሱም ያውቃል። ከሥሩ ግን፣ «ያልበቀለላቸው ልጆች የተሳሳቱ ይመስላቸዋል፤ ውጤታቸው ትክክል መሆኑን አስቀድሞ መንገር» የሚል ማስታወሻ ነበር። የዚያች የደስታ ፊት ድቅን አለበት። ልጅቷ ምን እንደሚሰማት ሲሀም አስቀድማ አስባበታለች፤ እሱ ደግሞ ነቀዝ ነው ብሏታል። ተናደደ፤ በማን እንደተናደደ ግን ለራሱም ግልጽ አልሆነለትም።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ባቄላና ገብስ በየዕቃው ዘፈዘፈ። ውብነሽ አየችው።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ላስተምር።»

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ፊት ቆመና፣ «ባለፈው ሳልዘጋጅ ነው የገባሁት። እንደገና እንጀምር» አለ። የደስታን ላስቲክ አንስቶ፣ «ይህ ትክክለኛ ውጤት ነው። ስሕተቱ የእኔ ነበር» አለ። ልጅቷ ፈገግ አለች። ከዚያ ባቄላው ለሁለት ሲከፈል ክልኤ ክክ፣ ገብሱ አንድ ሆኖ ሲቀር አሐዱ ክክ መባሉን ሊያሳያቸው ሞከረ። የመጀመሪያው ባቄላ ከእጁ አምልጦ ወደቀ። መሐል ላይ ምን እንደሚከተል ጠፋበትና ወረቀቱን አየ። ገብሱን ሳይጨርስ ደወል ተደወለ። ከመደወሉ በፊት ግን ሀና እጇን አወጣች፤ በቆሎስ ከየትኛው ነው ብላ ጠየቀች። ብትጠይቅ ብሎ አስቦ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር።

ሲሀም አባቷ ተሽሎት ስትመለስ ልጆቹ ከበር ጀምረው ከበቧት። ሀናም ከመሐላቸው ነበረች። አስማረ ከማረፊያው መስኮት አያቸው፤ ያ የቆየ ቅናት ተመለሰበት። ገብታ ስትቀመጥ፣ «አባትሽ እንዴት ናቸው?» አላት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው። ክፍሉን ስለያዙልኝ አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።»

ቆይቶ፣ «ይህን ሁሉ መዘጋጀት ከማን ተማርሽው?» አለ። ስሙን እንድትጠራ ተመኝቶ ነበር።

«ከፍርሃት» አለች። «ለልምምድ ወጥቼ መጀመሪያ ክፍል ስገባ ደርቄ ቀረሁ። ተማሪዎቹ ሳቁብኝ። እርስዎ ባዶ እጅዎን ገብተው ሲያወሩ ልጅ ሆኜ ሳይ እቀና ነበር። ሞከርኩት፣ አልሆነልኝም።»

አስማረ አያት። የምትቀልድ አትመስልም።

«ወሬው እኮ ጥሩ ነበር» አለ በዝቅታ። «ግን ከትምህርቱ ምን ያዛችሁ?»

ሲሀም ልትዋሽለት አልፈለገችም።

«የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ አፈር ነው» አለ እሱው። «የእኔን ምድብ ከየት ልጀምረው?»

ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «እርስዎ የወታደሩን አጎትዎን ምሽግ ቁፋሮ ያወሩልን ነበር። ላዩ ጥቁር፣ ታቹ ቀይ ሆነ ያሉትን። ከእሱ ቢጀምሩስ?»

ደወል እስኪደወል አብረው ተቀመጡ። ሀና በመስኮቱ ስታልፍ ቆም አለችና መጀመሪያ ለሲሀም፣ ቀጥሎ ለአባቷ እጇን አወዛወዘች። አስማረ ቅደም ተከተሉን አስተዋለ፤ ከፋውም። ከዚያ ብዕሩን አነሳና፣ «ቀዩን አፈር ከየት እናገኛለን?» አላት።