ኮት የለበሰው ኤሲ

«እኔ ያለሁበት ቤት ኤሲ ታሞ አያውቅም፤ ወደፊትም አይታመምም!»

ይህን ያለችው ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቆማ ነው፤ ያውም ማንም ሳይጠይቃት። ሰፈሩ «ኢንጂነሯ» ይላታል። ስሙን ማን አወጣላት ብትሉ፣ ራሷ። ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፤ ጥቂት ቆይታ «አስተማሪው እኔን ይጠይቀኛል እንጂ አያውቅም» ብላ ወጣች። ምላሷ ግን ትምህርቱን ቀጠለ፤ እስከ ዛሬም አልተመረቀም።

ከተማው የወበቅ ከተማ ነው። ጠዋት የተሰጣ ልብስ ማታ ሲገባ ከጠዋቱ ብሶ ርሶ ይገኛል፤ ጨው ዕቃው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፤ ሰው ሰላም ሲባባል እጅ ለእጅ ተጣብቆ ይቀራል። እንዲህ ባለ ቦታ ቤት የሚያቀዘቅዘው ኤሲ ዕቃ አይደለም፤ ዘመድ ነው። የእነ ኢንጂነሯን ኤሲ ሳሎን ላይ የሰቀለው የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ኤሲ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ ሌላ ከተማ ነው። ሰቅሎ ሲጨርስ እጁን እየጠረገ ጠራት።

«ስሚኝ። ይሄን የፊት ክዳን ከፍተሽ፣ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ በውሃ እጠቢ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ባለሙያ ጥሪና ውስጡንም ውጭውንም ያጽዳው። ደረቅ አገር ቢሆን በዓመት አንዴ ይበቃው ይሆናል፤ እዚህ ግን ወበቁ አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል። ገባሽ?»

«ሳትናገር ነው የገባኝ።»

«እንግዲያው በዓመቱ እመጣለሁ። ኤሲው ደህና ሆኖ ካገኘሁት፣ ሱቄ ወስጄ ሙያውን አስተምርሻለሁ።»

ኢንጂነሯ ራሷን ወዲያው በሐሳቧ አየች፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ወገቧ ላይ ፒንሳና ካቻቪቴ ሻጥ አድርጋ፣ መሰላል ጫፍ ላይ ቆማ፣ ከታች ያለውን ሰው «ያዝ እስቲ!» ስትለው። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ያቺን አንዲት «ያዝ እስቲ» ነበር።

ችግሩ አጎቷ ከሄደ በኋላ ማሰብ መጀመሯ ነው።

«እስቲ አሁን እማ፣ ጤነኛ ሰው ሆዱ ይቀደዳል?»

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። አፏ ሁልጊዜ ስፒል የያዘ ስለሆነ ክርክር አትችልም። «እም» አለች።

«ታዲያ ጤነኛ ኤሲ ለምን ይከፈታል? ከነካካሽው መታመም ታስተምሪዋለሽ። እኔ በእንክብካቤ ነው የምይዘው።»

ያዘችውም። በየሁለት ሳምንቱ፣ መቼም ቀጠሮ አታዛባም፣ ወንበር ላይ ትወጣና ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግለታለች። ከዚያ መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ «እንዴት ነህ?» ትለዋለች። ኤሲው «ሽሽሽ» ይላል። «ደህና ነው» ብላ ትወርዳለች። ሰርቪሱ ይኸው ነው። ሦስት ወር ሲሞላ ግን ነገሩ ከበድ እንዲል ብላ ሽቶ ትረጨዋለች።

በውጭ በኩል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የኤሲው ትልቁ ማሽን ደግሞ አንጀቷን በላት። «እኛ ቤት ገብተን እሱ ብቻውን ደጅ! ዝናቡ በላዩ፣ ጤዛው በላዩ!» አለች። እናቷ ይህን ስትሰማ፣ ነገሩ ሙያዋ ነውና፣ ስፒሉን ካፏ አውጥታ ተነሣች። ለማሽኑ ኮት ሰፋችለት። የሱፍ ነው፤ ገበር አለው፤ ኮሌታ አለው፤ ፊት ለፊቱ ከታች እስከ ላይ ይቆለፋል።

«እጅጌም ባወጣሁለት፣» አለች ራቅ ብላ እያየችው፣ «ትከሻው የት እንደሆነ ጠፋኝ እንጂ።»

ጎረቤት አየ፤ ጎረቤት ቀና። መጀመሪያ ፀጉር ቆራጩ መጣና «ለኔም፣ ባለ ሁለት ኪስ» አለ። ኤሲ ኪሱ ውስጥ ምን እንደሚከት ማንም አልጠየቀውም። ቀጥላ ፋርማሲስቷ መጣች። ጡረታ የወጣው ዳኛ ደግሞ «የኔ እንደ ተራ ሰው ኮት አይለብስም» ብሎ ጥቁር ካባ አሰፋለት። ውሎ አድሮ የመንገዱ ግድግዳ ሁሉ ጉዳይ ለማስፈጸም ወረፋ የያዘ ሕዝብ መሰለ።

«ብርድ እንዳይመታቸው ነው» እያለች ኢንጂነሯ ታስረዳለች። ብርድ የሚያወጣ ማሽን ብርድ እንዴት ይመታዋል ብሎ የጠየቀ ከመንገዱ አንድ ሰው አልተገኘም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አባቷ ቴሌቪዥን ሲያይ አንድ ነገር ራሰ በራው ላይ ጠብ አለ።

«ያፈሳል!» አለ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሚያፈስ ነገር ያውቃል።

«አባዬ ደግሞ! ላብ ነው። የሚሠራ ሰው አያልበውም? የማያልበውን ነው መፍራት!»

አባቷ ነገሩን አወጣ አወረደ፤ እውነትም መሰለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜና የሚያየው ጃንጥላ ዘርግቶ ሆነ። ደጁ ፀሐይ፣ ሳሎኑ ዝናብ።

ቀጥሎ ሽታ መጣ፤ ሳይደርቅ የተለበሰ ካልሲ የመሰለ ሽታ። ኢንጂነሯ አየሩን በረጅሙ ሳበችና «የአባዬ እግር ነው» ብላ ፈረደች። አባቷ እግሩን ታጠበ። ሽታው አልሄደም። ጫማውን ጣለ። አሁንም አለ። ምስኪን፣ ቢቻል ኖሮ እግሩን ደጅ ትቶ ይገባ ነበር።

በመጨረሻ ኤሲው ማቃሰት ጀመረ። የሚነፍሰው አየርም እንደ አውቶቡስ ሞተር ሞቀ። ሦስቱም በላብ ተጠምቀው አንጋጠው አዩት።

«ደክሞት ነው» አለች ኢንጂነሯ። ድምጿ ግን ቀጠን ብሏል፤ አጎቷ የሚመጣበት ጊዜ ደርሷላ። «ዓመቱን ሙሉ እኛን ሲያቀዘቅዝ፣ እሱን ማን አቀዘቀዘው? በሉ ተነሡ!»

ተነሡ። ካርቶን ቀደዱና ኤሲውን በተራ ያራግቡት ጀመር። ጠዋት እናት፣ ቀን ልጅ፣ ማታ አባት። እንግዳ ከመጣም ወንበር ሳይሆን ካርቶን ነው የሚቀርብለት።

አጎቷ እዚህ ላይ ደረሰ። ወደ ሰፈሩ ታጥፎ ሲገባ ኮት የለበሱ ማሽኖች ግራና ቀኝ ቆመው ተቀበሉት። ሻንጣውን አስቀምጦ ዓይኑን አሸ። ካባ ከለበሰው ፊት ሲደርስማ እጅ ሊነሣ ምንም አልቀረው። ቤት ሲገባ ደግሞ የእህቱ ባል ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል፤ እህቱ ወንበር ላይ ቆማ ኤሲ ታራግባለች።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተራዬ ነው።»

ወደ ኢንጂነሯ ዞረ። «ይሄ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበው መቼ ነው?»

ኢንጂነሯ ደረቷን ነፋች። «ታጠበ? አንድ ቀን ጣት ሳይገባበት! ልክ እንዳስቀመጥከው ነው ያገኘኸው አጎቴ።»

አጎቷ ክዳኑን ከፈተና ማጣሪያውን ሳበ። የወጣው ግን ማጣሪያ ነው ለማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ብርድ ልብስ የመሰለ የአቧራ ክምር ነው። እናቷ በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው።

«ውይ ልስላሴው! ምን ዓይነት ሱፍ ነው? ከየት ይገኛል?»

ከዚያ የውሃ ማፍሰሻውን ቱቦ በአፉ ነፋው፤ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ሾልኮ መሬት ላይ ተዘረገፈ። «ላቡ ይሄ ነው» አለ አጎቷ። አባቷ ቀስ ብሎ ራሱን ዳሰሰ። ወደ ውጭ ወጥተው የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ሲፈታ፣ ታፍኖ የከረመው ሙቀት ፊቱ ላይ ቧ አለበት።

«የዚህ ማሽን ሥራው የቤታችሁን ሙቀት ደጅ መትፋት ነው! እናንተ አፉን በሱፍ አፍናችሁታል!»

«ባለ ገበር ነው እኮ» አለች እናቷ፣ ቅር ብሏት።

ፈታ፣ አጠበ፣ ቦረሸ፣ ገጠመ። ሲያስነሣው ኤሲው እንደ ዱሮው «ሽሽሽ» አለና ቤቱን ብርድ ሞላው። አባቷ አስነጠሰ። ጃንጥላውን አጠፈ፤ አየሩን አሸተተ፤ የተጣለው ጫማው ትዝ ብሎት ልጁን በክፉ ዓይን አያት። እናቷ ግን ብርዱን አልቻለችውም፤ የማሽኑን ኮት አንሥታ ለበሰችው። ያኔ ነው እጅጌ ባለማውጣቷ የቆጨት።

«ማጣሪያው በየሁለት ሳምንቱ፣ ባለሙያ በየሦስት ወሩ» አለ አጎቷ። «ብዬ ነበር።»

የኢንጂነሯ ቱታ፣ መሰላሉ፣ ያቺ «ያዝ እስቲ» ሁሉ በመስኮት ሲወጡ ታዩዋት። ምላሷ ግን ከእንባዋ ቀደመ።

«አየህ አጎቴ! ይሄ ሁሉ ብርድ ከየት የመጣ መሰለህ? ሳልከፍተው ስላቆየሁት ነው የተጠራቀመው! በየሁለት ሳምንቱ ብከፍተው ኖሮ ተኖ አልቆ ነበር!»

አጎቷ አፉን ሊከፍት ሲል በሩ ተንኳኳ። የቀዘቀዘ ቤት ወሬ አይደበቅም፤ ጎረቤቱ ደጃፉ ላይ ተሰብስቧል።

«የኔም ያቃስታል» አለ ፀጉር ቆራጩ።

«የኔስ? ከመድኃኒቱ ሁሉ እሱ ይሸታል» አለች ፋርማሲስቷ።

ዳኛው ደግሞ የተዘረጋ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው።

አጎቷ ከነሱ ትከሻ በላይ መንገዱን አየው። እስከ ጥግ ድረስ ኮት ነው። ለእረፍት ነበር የመጣው። ቀስ ብሎ ሻንጣውን ከፈተና የቀሩትን መሣሪያዎች አወጣ፤ ፊቱ ግን እንደተከፋ ሰው ፊት አልነበረም።

ኢንጂነሯ ማንም ሳያዛት መሰላሉን ተሸክማ ተከተለችው። የዳኛው ግድግዳ ላይ አስደገፈችለት፤ የመሰላሉንም እግር ጠበቅ አድርጋ ያዘች። አጎቷ ወጥቶ ካባውን መፍታት ሲጀምር፣ ከጠዋት ጀምሮ ልትጠይቀው የፈለገችውን አወጣችው።

«አጎቴ፣ እንግዲህ ሱቅህ የምትወስደኝ መቼ ነው?»

አጎቷ ካባውን ከላይ ጣለባት።

«ያዢ እስቲ» አለ፤ «አንቺ ሙያ ከተማርሽ እኔ በምን እኖራለሁ?»