አሥራ ሁለተኛው ቀዳዳ

ኮምፔንሳቶ፣ ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት ሰሌዳ፣ ፊት ለፊት ሲያዩት ጨዋ ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ከጀርባው ነው። የመብሻው ሹል፣ ፑንታው፣ ከላይ ሰተት ብሎ ይገባና በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ስሱን የእንጨት ልባስ ፈንቅሎት ይነሳል፤ ቀዳዳው ዙሪያውን ጥርሱን ያገጠጠ ይሆናል። አናጢው ይህን ለልጃቸው ስምንት ዓመት ሙሉ ሲነግሯት ኖረዋል። መብሻ መሣሪያውን፣ ትራፓኖውን፣ ግን አንድ ቀን እንኳ አስጨብጠዋት አያውቁም። እሷ በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋለች፣ ቫርኒሽ ትቀባለች፤ መብሳት የአባት ነው። ቀጭን ስለሆነች ሰፈሩ «ጭራሮ» ይላታል፤ ለጭራሮ ደግሞ ማን ትራፓኖ ያስይዛል?

አሁን ግን የሽማግሌው ዓይን ደከመ። መጀመሪያ የእርሳስ መስመር፣ ቀጥሎ ምስማር፣ በመጨረሻም የደንበኛ ፊት ጠፋባቸው። ጎረቤታቸው በያጁ የሥራ ቤቱን ይሽጡልኝ ማለት ከጀመረ ወር አልፎታል፤ ዛሬ ከምሳ በኋላ ቁርጡን ሊሰማ ይመጣል። ጭራሮ ያደገችው እዚሁ ሰጋቱራ ውስጥ ነው፤ ሌላ ሥራ አታውቅም፣ ብታውቅም አትፈልግም።

ጠዋት ላይ እንደምንም ደፈረች።

«አባባ፣ አይሽጡት። እኔ እሠራበታለሁ።»

«በምን እጅሽ?»

«በነዚሁ በሁለቱ።»

አናጢው ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው ግን ኮስተር ብለው ልብስ ሰፊዋ ያዘዘችውን የኮምፔንሳቶ የክር መስቀያ ሰሌዳ እንድትበሳ ነገሯት። አሥራ ሁለት ቀዳዳ ያለው፣ ፊቱ ወደ ሰፊዋ ጀርባው ወደ ደንበኛ ሆኖ የሚቆም ነው፤ ገበና የሚሸሸግበት ወገን የለውም።

«አሥራ ሁለቱንም በጣቴ አያቸዋለሁ» አሉ። «ንጹሕ ከሆኑ እንነጋገራለን። ካልሆኑ ለበያጁ እሺ እለዋለሁ፤ ኋላ እንዳታኮርፊ።»

ጭራሮ ከሰሌዳው ሥር ቁራጭ ጣውላ አስገብታ በሞርሳ ጥርቅም አድርጋ አሰረችው። ጣውላው ከሥር ደግፎ ከያዘው ልባሱ መፈንቀያ ያጣል። ትራፓኖውን ሳትጫነው፣ ፑንታው በራሱ ጊዜ እንዲበላ ተወችው። ገልብጣ አየች፤ የቀዳዳው ዙሪያ ልሙጥ ነበር። በደስታ ብቻዋን ሳቀች። ለየቀዳዳው ድጋፍ ጣውላውን ወዳልተበሳ ቦታው እየገፋች አሥራ አንዱን እንዲሁ ጨረሰች።

ይኼኔ ከጎረቤት የበያጁ መዶሻ ጸጥ አለ። መጣ ማለት ነው ብላ ተጣደፈች። ድጋፉን ሳታየው ገፋ አድርጋ አሰረችና በሳች። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ስትገለብጠው ለካ ፑንታው ያረፈው ድጋፉ ቀድሞ በተበሳበት ቦታ ላይ ነበር፤ ከሥሩ የሚይዘው ያጣው ልባስ የጥፍር ያህል ተገንጥሏል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷማ የምትለቅመው እንኳ አልተረፈላትም።

ኮላ በሰጋቱራ ለውሳ ብትሞላው፣ ሲደርቅ ብትፈገፍገው፣ ጣት አያገኘውም። ስምንት ዓመት የፈገፈገ እጅ ይህ አያቅተውም። የኮላውን ክዳን ከፈተችው እንኳ። ግን ማየት የተሳነውን ሰው፣ ያውም አባቷን፣ ልታታልል መሆኑ ሲገባት እፍረት ፊቷን አጋለው። መልሳ ከደነችው።

አናጢው ሰሌዳውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከጀርባው በኩል ዳሰሱት። እያንዳንዱን ቀዳዳ ዙሪያውን ይዞሩትና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ጣታቸው አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆመ።

«ይሄስ?»

«ድጋፉን የተበሳ ቦታው ላይ አሳርፌው ነው። ቸኮልኩ፣ አባባ።»

«ደፍነሽ ማለፍ አትችይም ነበር?»

«እችላለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዛሬ ብደፍን፣ ነገም እርስዎ የማያዩትን ሁሉ ልደፍን ነው?» አለች። «እንደዚያ ከምሆን ይሽጡት።»

የሽማግሌው ጣት ተገንጥሎ በቀረው ጠርዝ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። በዚህ መሐል በያጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ? በሉ እንግዲህ፣ ቁርጡን ይንገሩኝ።»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉ አናጢው። «ባለቤቲቱ ቆማልህ የለም እንዴ?»

በያጁ ወደ ጭራሮ ዞረ። እንባዋ ቀድሟት ነበር። በእጅጌዋ ጠረገችውና «አይሸጥም» አለችው፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ገረማት።