ሃያ አራት ራስ ጸጉር

ኩ ሃንጊል ጎረቤቴ ነው፤ እዚህ ኮሪያ፣ ማሳን ከተማ፣ ከጸጉር ቤቴ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። አሥራ አራት ዓመት ለከተማችን ቡድን ቤዝቦል ሲጫወት ዝነኛ የሆነው በመምታት ሳይሆን በመመታት ነበር። ኳሱ ወደ ሰውነቱ ሲመጣ አይሸሽም፤ ጎኑን ይሰጥና፣ በኳስ ለተመታ እንደሚፈቀደው፣ በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል። «አንተ እኮ የኳስ መምቻ ዱላም አያስፈልግህም» እያልኩ አሾፍበት ነበር። መጫወቱን ሲያቆም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ቡድን አሰልጣኝ ሆነ።

በዚህ ጸደይ ልጆቹ አሥራ አንድ ለባዶ ተሸነፉ። ልዩነቱ ስለሰፋ ዳኛው በአምስተኛው ዙር ይብቃችሁ ብሎ ጨዋታውን አቆመው። እኛ ዘንድ እንዲህ የተዋረደ ቡድን ጸጉሩን ተላጭቶ ቆራጥነቱን ያሳያል፤ ይህ ማንም የሚያውቀው ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ልጆቹ እስከ ሰኞ እንዲላጩ፣ አለዚያ ሃንጊል ሥራውን እንዲለቅ ነገሩት። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ማሽኔን ዘይት ቀባሁ፣ ፎጣ አሳጠብኩ።

ቅዳሜ ሃንጊል ብቻውን በነጠላ ጫማ ወርዶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ምክትሉና የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ፓንግ ተከታትለው ገቡ። ወይዘሮ ፓንግ ገበያ ውስጥ ዓሣ የሚሸጡ ናቸው፤ ድምፃቸውም ከዚያው ነው። ልጃቸው ቡድኑ ውስጥ ይጫወታል። ልጆቹ የት አሉ ብለው ጠየቁ። ሃንጊል ወደየቤታቸው እንደላካቸው ነገራቸው።

«አሰልጣኝ፣ ሰው ምን ይለናል? እንደዚያ ተዋርደው ጸጉራቸውን እያበጠሩ ይሂዱ?» አሉ ወይዘሮ ፓንግ።

«ይሂዱ። ተከላካዮቹን ወደ ፊት ያስጠጋሁት እኔ ነኝ። ኳሱ በላያቸው እያለፈ የሄደው በእኔ ስህተት ነው። ጸጉራቸው ምን አጠፋ?»

ምክትሉ ጠብ የማይወዱ ሰው ናቸው። እንግዲያው አሰልጣኙ ብቻውን ይላጭ፣ አንድ ፎቶ እናንሳውና ነገሩ በዚያ ይብቃ አሉ። እኔም ጥሩ መውጫ መስሎኝ ማሽኑን አነሳሁ። ሃንጊል እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ዳር ዳሩን ብቻ።» ከዚያ ወደ እነሱ ዞረ። «እኔ ስጫወት ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ተሸንፈን እዚሁ ቤት ሁላችንም ተላጨን። በማግስቱ አሥረኛውን ተሸነፍን። ያን ጊዜ እሺ ያልኩት ታላላቆቼን ፈርቼ ነው። እነዚህን ልጆች ፍርሃት አላስተምርም። እኔም አልላጭም።»

ወይዘሮ ፓንግ እሱን ትተው ወደ እኔ መጡ። ሰኞ ማሽንህን ይዘህ ትምህርት ቤት ና አሉኝ። ሃያ አራት ራስ! በወር እንኳ አይገኝልኝም። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ወይዘሮ፣ እኔ የምላጨው ወዶ ወንበሬ ላይ የተቀመጠውን ብቻ ነው» አልኩ።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሚስቴ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች።

ሰኞ ሱቄን ዘግቼ የትምህርት ቤቱ ሜዳ አጥር ላይ ተደገፍኩ። ሃያ አራቱም ከነጸጉራቸው ተሰልፈዋል። ሃንጊል ቦርጩ የወጠረውን መለያ ለብሶ ከባልዲው ኳስ እያነሳ መሬት ለመሬት ይመታላቸዋል። ምክትሉ ፖስታ ይዘው መጡና መስመሩ ዳር ቆሙ። ሃንጊል ዱላውን በብብቱ ይዞ መቀበሉን ፈረመ። ደብዳቤውን ሳይከፍት አጥፎ ከኋላ ኪሱ ከተተው።

ምክትሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንግዲህ ከአሁን ጀምሮ ሜዳውን መልቀቅ እንዳለበት ነገሩት።

«ባልዲው ገና አላለቀም» አላቸውና አንድ ኳስ አንስቶ ወደ ወይዘሮ ፓንግ ልጅ መታው።