ታላቅ የሚያስቀድመው ዲስክ

በ1989 የበጋ ወራት፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሃውቶርን ባለ የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ኮምፒውተሩ እየተንቀረፈፈ ሰዉን ሁሉ አማረረ። ምክንያቱ እስከ ሰኞ ካልታወቀ የኮምፒውተሩ ኃላፊ ግዛው እንደሚሰናበት አለቃው ነገረው። ግዛውም ዲስኩን እንድትለካለት ኸይሪያን ለመናት። ከኮሌጅ እንደወጣች እዚያ ያስቀጠራት እሱ ነው።

ቅዳሜ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ተገናኙ። የግዛው ጓደኛ፣ ታክሲ ነጂው ኑሩም አብሯቸው ነበር።

«ዲስኩ ጤነኛ ነው ጋሼ» አለች ኸይሪያ። «ቴስት አደረግሁት። ሲስተሙ ይዞት በመጣው የማስተናገጃ ተራ ሲሠራ ይበራል። አንተ በቀየርክለት ተራ ሲሠራ ይሞታል። ለመሆኑ ማን ይቅደም ብለህ ነው የጻፍከው?»

ግዛው እንጀራውን ቆርሶ ያዘ እንጂ አልጎረሰም። «መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ የገባ ሰው ሥራ ይቅደም አልኩ። ታላቅ ቆሞ ትናንት የመጣው ይስተናገድ?»

ኸይሪያ ሳቀች። «ሶ፣ ፋይል የሚያነበው የዲስኩ ክንድ አጠገቡ ያለውን እየዘለለ፣ ታላቅ ፍለጋ ከዳር ዳር ሲሮጥ ይውላል። ሳያነብ ይመሻል። ኑሩ፣ አንተ ሰው የምትጭነው በዕድሜ ነው?»

«ቤንዚኑን ማን ችሎ» አለ ኑሩ። ወዲያው የግዛውን ፊት አይቶ አቀረቀረ።

ግዛው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኸይሪያዬ፣ አለቆቹን ዲስኩ አርጅቷል በያቸው። እኔ ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ። ልጆች አሉኝ፣ ታውቂያለሽ።»

«ትናንት ነገርኳቸው እኮ።»

«ስሜን ጠርተሽ?»

«ፕሮግራሙ ላይ ስምህን ጽፈሃል፣ ምን ላድርግ? ቦታህን ለኔ ሰጡኝ። ከሰኞ ጀምሮ።»

ኑሩ በለሆሳስ «ያ አላህ» አለ።

«እንግዲያው ተራውን እኔው ላቃናው» አለ ግዛው። «ያበላሸሁትን አስተካክዬ ልውጣ።»

«ጽፌ ጨረስኩት። ክንዱ ቅርብ ያለውን ያነሳል፣ በቃ።»

«ሩቅ ያለውስ?»

«ይጠብቃል።»

«ቅርብ ያለው ሥራ ካላለቀስ?»

«የሌላውን ሰው ፋይል ሁሉ አቀራርቤዋለሁ። ዳር የቀረው ያንተ ብቻ ነው ጋሼ። እሱን ሰኞ ስገባ አጠፋዋለሁ።» ጥብሱን ወደሱ ገፋችለት። «ብላ እንጂ፣ ቀዘቀዘ።»